መሣሪያ የታጠቀው ወሮበላና የሕግ ቃል

መግቢያ

የወንጀል ቅጣት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የዓመታት ቁጥር ታሪክ ሆኖ ይጻፋል። 5 ዓመት የነበረው እሥራት ወደ 10፣ 10 የነበረው ወደ 20 ከፍ ማለቱ ይነገራል፤ ሕዝቡም ሕግ አውጪውም ቁጥሩን ብቻ አይተው ሕጉ ጠነከረ ወይም ላላ ይላሉ። ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግና ጠበቃ ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ጉዳይ በየዕለቱ ሥራቸው ያገኙታል። ቁጥሩ የሚንጠለጠለው በቃል ላይ ነው። በመሣሪያ «የተጠቀመ»፣ መሣሪያ «የያዘ»፣ የወሮበላ ቡድን «አባል የሆነ» የሚሉት ቃላት ማንን እንደሚያቅፉ ተለይቶ ካልታወቀ፣ የቅጣቱ ሸክም በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍም አይታወቅም። ቅጣቱ በከበደ መጠን ደግሞ ቃሉን የሚተረጉመው ሰው ሥልጣን አብሮ ይከብዳል።

በዚህ ረገድ የዩናይትድ ስቴትስ ታሪክ ሰፊ ትምህርት ይሰጣል። ይህች አገር በቡድን ተደራጅቶ መሣሪያ በሚታጠቅ ወንጀለኛ ላይ ከ1934 ጀምሮ ሕግ ስታወጣ፣ ያወጣችውን ስታከብድ፣ በመጨረሻም ያከበደችውን በከፊል ስታቀልል ኖራለች። ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከው ይኸው የ90 ዓመት ያህል ጉዞ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ከሚናገረው ክፍል በቀር፣ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጠጥ ክልከላና የ1934 ሕግ

ከጃንዋሪ 1920 እስከ ዲሴምበር 1933 ድረስ በዩናይትድ ስቴትስ የአልኮል መጠጥ ማምረትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ተከልክሎ ነበር። ክልከላው የመጠጥ ፍላጎትን አላጠፋም፤ ንግዱን ግን ከነጋዴ እጅ አውጥቶ ለወሮበላ ቡድኖች አስረከበው። በቺካጎና በሌሎችም ታላላቅ ከተሞች እያንዳንዱ ቡድን ሠፈሩንና ደንበኛውን የሚጠብቀው በጦር መሣሪያ ሆነ። ጄኔራል ጆን ቶምሰን ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የምሽግ ውጊያ ያሰቡት፣ ነገር ግን ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ለገበያ የቀረበው በእጅ የሚያዝ መትረየስ የወሮበሎች መለያ እስከ መሆን ደረሰ።

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1929 በቺካጎ ከተማ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ውስጥ 7 ሰዎች ከግድግዳ ተደርድረው በመትረየስ ተረሸኑ። ከገዳዮቹ መካከል የፖሊስ ልብስ የለበሱ ነበሩበት። ግድያው በአል ካፖን ቡድንና በተቀናቃኞቹ መካከል ከነበረው ጠብ የመጣ መሆኑ በሰፊው ቢታመንም፣ በዚህ ወንጀል ተፈርዶበት የተቀጣ ሰው የለም። የሕዝቡ ድንጋጤ ግን ሳይበርድ ቆይቶ፣ ከ5 ዓመት በኋላ አገር አቀፍ ሕግ እንዲወጣ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

የፌዴራሉ መንግሥት በየክፍላተ ግዛቱ የሚፈጸመውን ወንጀል ሁሉ የመቅጣት ሥልጣን ስላልነበረው፣ በጁን 1934 የወጣው ሕግ በግብር መልክ ተቀረጸ። መትረየስ፣ አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃና የድምፅ ማፈኛ እንዲመዘገቡ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉም 200 ዶላር ግብር እንዲከፈልባቸው ታዘዘ። 200 ዶላር በዚያ ዘመን ከመትረየሱ ከራሱ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ ነበር። ሕጉን የጣሰ ሰው እስከ 5 ዓመት እሥራት ወይም እስከ 2,000 ዶላር መቀጮ፣ ወይም ሁለቱም እንዲፈረድበት ተደነገገ። በመጀመሪያው ረቂቅ ሽጉጥም ተካቶ ነበር፤ ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ግን ወጣ። በዚህም የተነሣ ወሮበላው በኪሱ ሊሸሽገው የሚችለው መሣሪያ ከሕጉ ውጪ ቀረ።

የሕጉ ድክመት ሙሉ በሙሉ የታየው ከ34 ዓመት በኋላ ነው። በጃንዋሪ 1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሄይንስ መዝገብ በሰጠው ፍርድ፣ መሣሪያውን በሕገወጥ መንገድ የያዘ ሰው «አስመዝግብ» ሲባል በራሱ ላይ እንዲመሰክር መገደዱ ስለሆነ፣ ባለማስመዝገቡ ሊቀጣ አይገባም ሲል ወሰነ። ወሮበላውን ለመያዝ የተዘረጋው መረብ ወሮበላውን ለቅቆ ሌላውን ብቻ የሚይዝ ሆኖ ተገኘ። ኮንግረስ ይህን ጉድለት በዚያው ዓመት በሌላ ሕግ አረመው።

የ1968 ማሻሻያና የኋለኞቹ ጭማሪዎች

1968 ለአሜሪካ የኀዘን ዓመት ነበር። በኤፕሪል ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ በጁን ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ በጥይት ተገደሉ። በኦክቶበር የጸደቀው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የወጣው በዚህ ስሜት ውስጥ ነው። በእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ክርክር ላይ ሪቻርድ ፖፍ የተባሉት የቨርጂኒያ እንደራሴ ያቀረቡት አንድ ማሻሻያ ያለ ብዙ ጥናት ተቀባይነት አገኘ። የማሻሻያው ዓላማ ወንጀል ለመፈጸም ያሰበ ሰው ቢያንስ ሽጉጡን ቤቱ ትቶ እንዲወጣ ማድረግ መሆኑን ፖፍ አስረዱ። በዚህ መሠረት በፌዴራል ወንጀል ሥራ ላይ በመሣሪያ የተጠቀመ ወይም መሣሪያ በሕገወጥ መንገድ የያዘ ሰው ከዋናው ቅጣት በተጨማሪ ከ1 እስከ 10 ዓመት እንዲታሠር ተወሰነ። አንቀጽ 924(ሐ) የሚባለው ድንጋጌ ይህ ነው።

ድንጋጌው የወሮበላ ቡድንን በስም አይጠራም። ይሁን እንጂ በኋለኞቹ ዓመታት በከተማ ወሮበሎችና በአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ላይ ከተመዘዙት የፌዴራል ሰይፎች ሁሉ ይበልጥ የተሳለው እርሱ ሆነ። በ1984 ተጨማሪው ቅጣት ቁርጥ ያለ 5 ዓመት እንዲሆን፣ በገደብም ሆነ በአመክሮ እንዳይቀል፣ ከዋናው ቅጣት ጋር ተደራርቦ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ እንዲፈጸም ታዘዘ። በ1986 የአደንዛዥ ዕፅ ንግድ ተጨመረበት፤ ለመትረየስም ቅጣቱ 10 ዓመት ሆነ። በ1988 ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ጥፋተኛ የሚባለው ሰው ቅጣት ወደ 20 ዓመት፣ የመትረየሱም ወደ 30 ዓመት ከፍ አለ።

ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ክራክ የተባለው ርካሽ ኮኬይን በየከተማው ተሰራጭቶ፣ የሠፈር ልጆች በሽጉጥ የሚጋደሉበት ዘመን መጥቶ ነበር። በሎስ አንጀለስ አውራጃ በ1992 ብቻ ከወሮበላ ቡድኖች ጋር የተያያዘው ግድያ 800 ያህል ደርሷል። ከሟቾቹ የሚበዙት የእነዚያው ድሃ ሠፈሮች ልጆች ነበሩ። ልጇን ቀብራ የተመለሰች እናት መንግሥት እንዲደርስላት ስትለምን፣ ሕግ አውጪው በእጁ ያለው ቅርብ መሣሪያ ቅጣትን ማክበድ ነበር።

«መጠቀም» እና «መያዝ»

ቅጣቱ ቁርጥ ያለ ከሆነ ወዲህ ክርክሩ ከቁጥሩ ወደ ቃሉ ተሻገረ። በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስሚዝን ጉዳይ አየ። ተከሳሹ መትረየሱን በኮኬይን ሊለውጥ ሲደራደር የተያዘ ሰው ነው። አልተኮሰበትም፤ ማንንም አላስፈራራበትም። ታዲያ በመሣሪያው «ተጠቅሟል» ይባላልን? ከ9ኙ ዳኞች 6ቱ «አዎን፣ ለመለወጫ ተጠቅሞበታል» አሉ፤ የ30 ዓመቱ ተጨማሪ ቅጣት ጸና። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ስካሊያ ግን፣ አንድን ሰው ምርኩዝ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ተደግፈህ ትሄድበታለህ ወይ ማለቱ እንጂ የአያትህን ምርኩዝ በአዳራሽህ ለጌጥ አኑረሃል ወይ ማለቱ አይደለም ሲሉ ተከራከሩ።

በ1995 በቤይሊ መዝገብ ያው ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ወደ ሌላው አቅጣጫ አዘነበለ። ሽጉጡ የተገኘው በአንደኛው ተከሳሽ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ በሌላዋ ተከሳሽ መኝታ ቤት ደግሞ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ «መጠቀም» ማለት መሣሪያውን በድርጊቱ ውስጥ በተግባር ማዋል ነው እንጂ በቅርብ ማኖር አይደለም አለ። በ1998 ደግሞ በሙስካሬሎ መዝገብ «መያዝ» የሚለው ቃል ተራው ደረሰ። በመኪና መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሽጉጥ ይዞ የሚሄድ ሰው ሽጉጥ «ይዟል» ወይስ አልያዘም? 5 ዳኞች «ይዟል» ሲሉ 4ቱ ተቃወሙ። ለአንድ የተለመደ ግሥ ፍቺ ዳኞቹ ከመጽሐፍ ቅዱስ የእንግሊዝኛ ትርጉም አንሥተው እስከ ሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክ ድረስ ምስክር ጠሩ። የሰው ልጅ 5 ዓመት በግሥ አረባብ ላይ ተንጠልጥሎ ማየት ለሕግ ባለሙያ የሚያስገርም ብቻ ሳይሆን የሚያሳስብም ነገር ነው።

ኮንግረስ በኖቬምበር 1998 ለቤይሊ ፍርድ መልስ ሰጠ። ወንጀሉን ለማራመድ መሣሪያ ይዞ የተገኘ 5፣ አውጥቶ ያስፈራራ 7፣ የተኮሰ 10 ዓመት እንዲቀጣ፣ ለሁለተኛ ጥፋትም 25 ዓመት እንዲጨመር ደነገገ። ደረጃ ማበጀቱ መልካም ነበር። ነገር ግን «ሁለተኛ ጥፋት» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ ወጥመድ ይዞ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 በዲል መዝገብ፣ በአንድ ክስና በአንድ ችሎት የታዩ በርካታ ወንጀሎች እንኳ አንዱ ለሌላው «ሁለተኛ» ይሆናል ብሎ ስለ ነበር፣ 6 ባንኮች ዘርፎ በአንድ ጊዜ የተከሰሰው ሰው በመሣሪያው ብቻ የ105 ዓመት ቅጣት ጸንቶበት ነበር። ተመክሮና ታስሮ ያልታረመውን ደጋፊ የለሽ ጥፋተኛ ለመቅጣት የታሰበው ጭማሪ፣ ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ ላልታሠረ ሰውም ዋለ።

«አባል» የሚለው ቃል በካሊፎርኒያ

ካሊፎርኒያ የወሮበላ ቡድንን በስሙ ጠርታ ለመቅጣት ከሌሎች ቀድማ ተነሣች። በ1988 የወጣው ሕግ፣ 3 ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ያሉበት፣ የጋራ ስም ወይም ምልክት ያለውና ወንጀልን ልማዱ ያደረገ ስብስብ የወሮበላ ቡድን እንዲባል ወሰነ። ለቡድኑ ጥቅም ወንጀል የሠራ ሰው ተጨማሪ ዓመታት ይታሠር ጀመር፤ በማርች 2000 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው ሐሳብ ቁጥ 21 ጭማሪውን ለከባድ የኃይል ወንጀሎች 10 ዓመት አደረሰው። በ1997 የወጣውና «10-20-ዕድሜ ልክ» ተብሎ የሚታወቀው ሕግ ደግሞ በተዘረዘሩት ከባድ ወንጀሎች በመሣሪያ ለተጠቀመ 10፣ ለተኮሰ 20፣ ተኩሶ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ላደረሰ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ጨመረ።

በዚህ ሕግ ውስጥ ከቁጥሮቹ ይልቅ ክብደት ያለው አንድ ንዑስ አንቀጽ ነበር። በተራ ወንጀል ጭማሪው የሚያርፈው መሣሪያውን በጨበጠው ሰው ላይ ብቻ ነው። ወንጀሉ ለወሮበላ ቡድን ጥቅም የተሠራ ከሆነ ግን ያልተኮሰው ተካፋይም እንደ ተኳሹ ይቀጣል። በመሆኑም መኪናውን የነዳው ወጣት ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርሰውን ጭማሪ የሚቀበለው ጣቱ በምላጩ ላይ ስለ ነበረ ሳይሆን፣ «ለቡድኑ ጥቅም» የሚለው ሐረግ ስላቀፈው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው አባልነት በምን ይታወቃል የሚል ነው። ፖሊስ የሚመሰክረው በልብስ ቀለም፣ በንቅሳት፣ በሠፈርና አብሮ በመታየት ነበር። የክፍለ ግዛቱ የሒሳብና አሠራር መርማሪ በ2016 የወሮበሎችን የስም መዝገብ ሲመረምር፣ ሲመዘገቡ ዕድሜያቸው ከ1 ዓመት በታች የነበረ 42 ሰዎች ስም አገኘ። ከእነዚህ 28ቱ የተመዘገቡት «የቡድን አባል መሆናቸውን አምነው» በሚል ምክንያት ነበር። አፉን ያልፈታ ሕፃን አምኗል የሚል መዝገብ፣ ዕድሜ ልክ የሚያስፈርድ ቃል በምን ዓይነት ማስረጃ ላይ ሊቆም እንደሚችል ያሳያል።

ሥልጣኑ ወዴት ሄደ?

የቅጣት ወለል ሲቆረጥ ብዙዎች የዳኛው ምርጫ ጠፍቶ ሁሉም እኩል ይቀጣል ብለው ያስባሉ። ምርጫው ግን አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል። የትኛው አንቀጽ፣ ስንት ጊዜ ይጠቀስ የሚለውን የሚወስነው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ፣ ቅጣቱም በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ይወሰናል።

በ2004 በዩታ ክፍለ ግዛት የታየ ጉዳይ ለዚህ ምሳሌ ነው። የ24 ዓመት ወጣት ለፖሊስ ተባባሪ ሦስት ጊዜ ማሪዋና ሸጠ። በሁለቱ ሽያጮች ጊዜ ሽጉጥ እንደ ነበረው ተመሰከረበት፤ ከዚያም በቤቱ ሽጉጥ ተገኘ። ዐቃቤ ሕግ በመጀመሪያ ጥፋቱን ቢያምን 15 ዓመት እንደሚጠይቅ አሳወቀው፤ ተከሳሹ እምቢ ሲል ክሶቹ በዙ። ጥፋተኛ በተባለ ጊዜ የመሣሪያው ቅጣት 5፣ 25 እና 25፣ በድምሩ 55 ዓመት ሆነ። ዳኛው ፖል ካሰል ይህ ቅጣት አውሮፕላን ከመጥለፍ ቅጣት የሚበልጥ መሆኑን በፍርዳቸው ዘርዝረው፣ ፍትሕ የጎደለው ነው ብለው ጻፉ፤ በዚያው ቀን አንዲት አሮጊት ደብድቦ የገደለ ሰው በ22 ዓመት እሥራት ቀጥተው ነበር። ሕጉ ግን ሌላ መንገድ ስላልተወላቸው 55 ዓመቱን ፈረዱ፤ ፕሬዚዳንቱ ቅጣቱን እንዲቀንሱም አሳሰቡ። ፍርደኛው በ2016 ተፈታ፣ በ2020 ምሕረት ተደረገለት።

ሸክሙ በሁሉም ላይ እኩል አላረፈም። የፌዴራሉ የቅጣት ኮሚሽን በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2016 በአንቀጽ 924(ሐ) ከተፈረደባቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ።

ክብደትና እርግጠኝነት

የቅጣት ክብደት ወንጀልን ይቀንሳልን? በሚቺጋን ከጃንዋሪ 1977 ጀምሮ በወንጀል ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው ተጨማሪ 2 ዓመት እንዲታሠር ተደረገ። ሕጉ በየአደባባዩ በትልልቅ ሰሌዳ ተለፈፈ፤ የዲትሮይት ዐቃቤ ሕግም በዚህ ላይ ድርድር እንደማይኖር አስታወቀ። ሎፍቲን፣ ሁማንና ማክዶዋል የተባሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲያጠኑ፣ ለብዙዎቹ ወንጀሎች ጠቅላላው ቅጣት እምብዛም አለመለወጡን አገኙ። ዳኞቹ 2 ዓመቱን በአንድ እጃቸው ሲጨምሩ በሌላው እጃቸው ከዋናው ቅጣት ይቀንሱ ነበር። በከተማው የኃይል ወንጀል ላይም ከሕጉ የመጣ ነው የሚባል ግልጽ ለውጥ አላዩም።

በቦስተን የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። በ1996 ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የአመክሮ ሹማምንት፣ የሠፈር ሠራተኞችና የሃይማኖት አባቶች ተባብረው የወሮበላ ቡድኖችን አባላት ለስብሰባ ጠሩ። የተነገራቸው አጭር ነበር፤ ከቡድናችሁ አንድ ሰው ቢተኩስ የመንግሥት ክንድ ሁሉ በዚያ ቡድን ላይ ያርፋል፤ ለመውጣት የሚፈልግ ግን እርዳታ ያገኛል። ከባዱ የፌዴራል ቅጣት በጥቂቶች ላይ ዋለ፤ ስለ እነርሱም ለቀሩት ተነገራቸው። ብራጋ፣ ኬኔዲና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባወጡት ጥናት የወጣቶች ግድያ በወር በአማካይ 63 በመቶ መቀነሱን ገልጸዋል። ቁምነገሩ የዓመቱ ብዛት ሳይሆን፣ ቅጣቱ ለማን፣ በምን ምክንያት፣ ምን ጊዜ እንደሚመጣ አስቀድሞ መታወቁ ነበር።

ወደ ኋላ የተወሰደው እርምጃ

ካሊፎርኒያ እሥረኛዋ በዝቶ፣ ወህኒ ቤቶቿ ከተሠሩበት መጠን እጥፍ ያህል ሰው በመያዛቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ቁጥሩን እንድትቀንስ አስገደዳት። በ2017 የወጣው ሕግ ዳኛው የመሣሪያውን ጭማሪ ለፍትሕ ሲል እንዲሰርዝ ሥልጣኑን መለሰለት። በ2021 የወጣው ደግሞ የወሮበላ ቡድንን ትርጉም አጠበበ፤ ወንጀሉ ለቡድኑ ዝና ከመስጠት ያለፈ ጥቅም ማምጣቱ እንዲረጋገጥ፣ ተከሳሹ ሲጠይቅም የቡድኑ ጉዳይ ከዋናው ክስ ተለይቶ በኋላ እንዲታይ አዘዘ። ኮንግረስም በዲሴምበር 2018፣ የ25 ዓመቱ ጭማሪ የሚወድቀው ከአሁኑ ጥፋት በፊት የመጨረሻ ፍርድ በነበረበት ሰው ላይ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ይሁን እንጂ ሕጉ ወደ ኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ፣ ቀድሞ የተፈረደባቸው በዚያው ቀሩ።

ከኢትዮጵያ ሕግ ጋር ሲነጻጸር

ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቁጥር 81፣ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 84፣ በመሣሪያ ተጠቅሞ ወንጀል መሥራትንና ለወንጀል በተደራጀ ቡድን ውስጥ መሳተፍን፣ በተለይም መሪና አደራጅ መሆንን፣ ቅጣት ከሚያከብዱ ጠቅላላ ምክንያቶች ይቆጥሯቸዋል። ሁለቱ ነገሮች ከአሜሪካው ሕግ ጋር አንድ ናቸው፤ መንገዱ ግን ይለያል። በአሜሪካ ቁርጥ ያለ የዓመት ቁጥር ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ሲጨመር፣ በኢትዮጵያ ዳኛው የአባሉን ድርሻ ከመሪው፣ የተኮሰውን ከቆመው ለይቶ በሕጉ ወሰን ውስጥ ያከብዳል። ይህ ነጻነት የየችሎቱን ቅጣት እንዳያራርቀው፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ማውጣት አስፈልጎታል።

መደምደሚያ

መሣሪያ የታጠቀ ወሮበላ በሠፈር ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እውነተኛ ነው፤ ቅጣቱም ከተራ ጥፋተኛ ቅጣት ሊከብድ ይገባዋል። ይህን የሚክድ የሕግ ባለሙያ የለም። የ90 ዓመቱ ታሪክ የሚያስገነዝበው፣ ሕግ አውጪው ቁጥሩን ከፍ ባደረገ ጊዜ ሁሉ ቃሉን ደግሞ ማጥበብና ማጥራት እንደሚኖርበት ነው። «የተጠቀመ» ማለት ለመሣሪያ ለዋጩ፣ «የያዘ» ማለት ሽጉጡን በመሳቢያ ለቆለፈው፣ «አባል» ማለት በመዝገብ ለሰፈረው ሕፃን ሲደርስ፣ ቅጣቱ ዒላማውን ስቷል። ዒላማውን የሳተ ቅጣት የሚጎዳው ያለ አግባብ የታሠረውን ብቻ አይደለም፤ ጥበቃ የለመነችውንም እናት መልሶ ያለ ጠባቂ ይተዋታል።